ቀይዋ አተር

ጣቷን ከማሳረፏ አወቀች።

«ይቺ አይደለችም» አለች ጭራሮ።

«ምኗ?» አለች ጓደኛዋ ሬዲዮ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ከቦርሳዋ እየጎተተች። «ኧረ ገና ሳይበራ! አንቺ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነገር አታጪም።»

ደወል አልተደወለም። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰሌዳ የምትጠርግ አንዲት ተረኛ ብቻ ነበረች። ጭራሮ ጣቷን አነሳችና እንደገና አሳረፈች። ያው ነው።

ኮምፒውተሩ የአባቷ ነው፤ ጠርዙ የተላጠ፣ ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ። ኪቦርዱ መሐል፣ በፊደሎቹ መካከል፣ አተር የምታክል ቀይ የጎማ ቆብ አለች። ጣት አሳርፈው ወደ ፈለጉበት ሲገፏት ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትሄዳለች። እነጭራሮ ቤት ስሟ «አተሯ» ነው። አዲስ ስትሆን ላይዋ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። የአባቷ አተር ግን አትሻክርም ነበር። አባቷ ተርጓሚ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በግራ እጁ ሌባ ጣት ሲገፋት ኖሮ ለስልሳ፣ በአንድ በኩል ትንሽ ጎድጎድ ብላለች። ጎድጓዳዋ የእሱ ጣት ልክ ናት።

«ማውስ ምን ያደርግልኛል? እጅ ከቤቱ አይውጣ» ይል ነበር፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ሲሞት እናቷ ልብሱን ለዘመድ አከፋፈለች፣ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። አተሯን ግን ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠራት ለጭራሮ ቀረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላፕቶፑን ትከፍተዋለች፤ አታበራውም። ጣቷን ጎድጓዳዋ ላይ ታሳርፋለች፣ በቃ። በቀን ውስጥ የሆነ ነገር የሚሰማት እዚያች ጋ ብቻ ነበር።

አሁን ከጣቷ ሥር ያለችው የድመት ምላስ ናት።

«አዲስ ናት» አለች።

«ኧረ ባክሽ! ያው ናት። እኔ ምኗንም አልነካሁም። ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁት፣ አለቀ! አቧራ ይዟት ይሆናላ። አባቴ ይሙ...»

ሬዲዮ ቀጥ አለች።

በቀን አርባ ጊዜ የምትምለው መሐላ ነው። የጭራሮ አባት ከሞተ ወዲህ ባሉት መቶ ሁለት ቀናት ግን ጭራሮ ፊት አንድም ጊዜ አልማለችበትም። ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ ናት የተወችው። ዛሬ አመለጣት።

«እናቴ ትሙት» አለች አስተካክላ፣ ዓይኗን ገመዱ ላይ እንደተከለች።

ጭራሮ ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። አባቷ በተቀበረ ቀንም እንዲሁ ጠብቃ ነበር፤ ዘመድ አዝማድ እየተቀባበለ ሲያቅፋት «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» ሲሉ ሰማች። ጥንካሬ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ከወጋ በኋላ የራስ ከንፈር ሲነኩት የሰው ከንፈር ይመስል የለ? እሷ ሁለመናዋ እንደዚያ ሆኖ ነበር። እስከ ዛሬም አልለቀቃትም።

«እሺ» አለችና ላፕቶፑን ዘጋችው።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጭራሮን ጭራሮ ያላት አባቷ ነው፤ ስለቀጠነች። የሬዲዮን ግን ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ነው ያወጣላት፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አጠገቧ መቀመጥ ይበቃል። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። አንዷ ታወራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች፤ ሥራ ተከፋፍለው የሚኖሩ ዓይነት ነበሩ።

ሐሙስ ክፍሉ ፊት የሚያቀርቡት የቡድን ሥራ አለባቸው። የኮምፒውተር አስተማሪያቸው ዕጣ ሲያወጣ የደረሳቸው ርዕስ «የላፕቶፕ መጠቆሚያዎች» ነበር፤ ከመቶ ሠላሳ ይይዛል። እነሬዲዮ ቤት ኮምፒውተር ስለሌለ፣ ጽሑፉን እንድታዘጋጅ ጭራሮ ዓርብ ዕለት ላፕቶፑን ሰጠቻት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሬዲዮ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር የወሰደችው።

*

ከትምህርት በኋላ ጭራሮ አክስቷ ሱቅ ሄደች። አክስቷ የአባቷ እህት ናት፣ ላፕቶፕ ትጠግናለች። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች፣ ጠረጴዛው ላይ በጠርሙስ ክዳን የተለቀሙ ብሎኖች።

«የወንድሜ ልጅ! ነይ ነይ፣ ይቺን ያዢልኝ፣ እጅ አጥሮኛል» አለች አክስቷ። ጭራሮ የተባለችውን ያዘች፤ አክስቷ ያበጠ ባትሪ ከቤቱ ፈልቅቃ አወጣች። ከዚያ ጭራሮ የአባቷን ላፕቶፕ ከፈተችላት።

«አክስቴ፣ ይቺ ካንቺ ናት?»

አክስቷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «አዎ፣ የኔው ናት። ቅዳሜ የላክሽብኝ! ልከሽ ስታበቂ ደግሞ መልሰሽ ትጠይቂኛለሽ?»

«ማን መጣ?»

«ያቺ ለፍላፊዋ ጓደኛሽ ናታ። ‹ጭራሮ ልካኝ ነው፤ የድሮዋ ጠፍታባት ነው› አለችኝ። ከሌላ ሞዴል ናት፣ ትንሽ ትረዝማለች፤ ሌላ አልነበረኝም። ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑ ሊጫናት ይችላል ብዬ ነግሬያታለሁ። አልነገረችሽም? ያቺ ልጅ ሳትናገር የሚያልፋት ነገር አለ እንዴ?»

ጭራሮ ጣቷን አዲሷ አተር ላይ አሳረፈች። አክስቷ ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የሱ ነበረች?» አለች።

ጭራሮ ራሷን ነቀነቀች።

«ወይኔ! እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አንስቼ እሰጣለሁ!» አክስቷ በመዳፏ አፏን ያዘች። «ለዚያች ልጅ እናት ልደውልላት?» አለች።

«ተይው።»

«እንዴት ልተወው? አሁን አንቺ አልተናደድሽም? እኔ እኮ ደሜ ፈላ! ያንን ጸጉሯን ባገኘው!»

«እየጠበቅኩት ነው።»

«ምኑን?»

«ንዴቱን።»

አክስቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጡብ የሚያክል አሮጌ ላፕቶፕ አወጣችና እፍ ብላ አቧራውን አራገፈች። ከፊደሎቹ በታች፣ ዛሬ በጣት የሚዳሰሰው ታችፓድ በሚቀመጥበት ቦታ፣ አንዲት ግራጫ ኳስ ተሰክታለች።

«ለሐሙሱ ሥራችሁ ይሁናችሁ፤ ቅዳሜ ጓደኛሽ ነግራኛለች። እንዲህ ያለ አላዩም ጓደኞችሽ። ኳሷን አውጥታችሁ አትጫወቱባት፣ ከጠፋች አላገኝም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባትሪው አዙራ፣ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

*

ማክሰኞና ረቡዕ ሬዲዮ ስለ ሁሉም ነገር አወራች። ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አወራች፣ ስለ ሒሳብ ፈተናው አወራች፣ ጥርስ እያበቀለ ቤቱን በጩኸት ስላተራመሰው ሕፃን ወንድሟ ጀምራ ድንገት ወደ ሌላ ወሬ ዘለለች። ጭራሮ በመሐል በመሐል ዝም ብላ ቦታ ትተውላት ነበር። አንድ ሰው እውነቱን ሊናገር ቢፈልግ ሊገባበት የሚችል ባዶ ቦታ። ሬዲዮ እየሮጠች ትሞላዋለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጭራሮ ወሰነች። ቡድኑ ሥራውን ያቅርብ፣ ነጥባቸውን ይያዙ፤ ከዚያ አስተማሪውን ቦታ እንዲቀይርላት ትጠይቀዋለች። መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር ባዶ ነው። ስምንት ዓመት አብረው የተቀመጡበትን ዴስክ ለመተው ስትወስን፣ ዛሬ ምን ልልበስ ብሎ እንደማሰብ ነበር። ያስፈራት ይኸው ነው፤ ምንም አለመሰማቱ።

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ አስተማሪውን አገኘችው። «ቲቸር፣ ከክፍለ ጊዜው በኋላ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለችው።

«ይቻላል» አለ።

*

ኳሷ ክፍሉን አሳበደችው። ሬዲዮ «ተራ በተራ! ሰልፍ ያዙ!» እያለች እያንዳንዱን ተማሪ አንድ አንድ ጊዜ አስገፋች። ኳሷ ስትንከባለል ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትሮጣለች። «አያቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሰቃዩት» አለች ሬዲዮ፣ «ቆሻሻ ሲገባባት አውጥተው ያጥቧት ነበር፣ እንደ ጥርስ!» አስተማሪው ሳይቀር ሳቀ። ጭራሮ ሥዕሎቹን ትይዛለች፤ ሥራ መከፋፈሉ እንደ ድሮው ነው።

ቀጥሎ የአስተማሪው ላፕቶፕ ላይ ታችፓዱን አሳዩ። ሬዲዮ ጓንት አድርጋ ዳሰሰችው፤ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። «ሰው ካልነካው አይሰማም፣ ኩራተኛ ነው!» አለች። ጓንቱን አወለቀች፣ ቀስቷ ሄደች። ጭብጨባ።

የመጨረሻው የአባቷ ላፕቶፕ ነበር። ፕሮጀክተሩ ላይ ሰኩት። ሬዲዮ ጣቷን አተሯ ላይ አሳርፋ «ይቺ ደግሞ...» ከማለቷ ቀስቷ ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመረች።

ሬዲዮ ወደ ግራ ገፋቻት። ቀስቷ እንደ መመለስ አለችና እንደገና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ስክሪኑ ጥግ ድረስ ሄዳ ተለጠፈች። ሬዲዮ በኃይል ጎተተቻት። ባሰባት። የሆነ ፋይል ተከፈተ፣ ሌላ ተዘጋ፣ ጽሑፋቸው ጠፋ።

«ጅኒ ገብቶበታል!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን ይስተካከላል!» ሬዲዮ በሁለት ጣት ተጫነቻት። ላብ አፍንጫዋ ላይ ታየ። በገፋች ቁጥር ቀስቷ እልህ የተጋባች ይመስል ወደዚያው ትነጉዳለች። «ምን ሆነች ይቺ? ምን ሆነች?» ድምጿ መሰበር ጀመረ።

ጭራሮ ምን እንደሆነች ታውቃለች። አክስቷ እንዳለችው ክዳኑ ሲዘጋ ተጭኗታል። ደግሞም የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ይኸው ነገር ደርሶባታል፤ አባቷ ጭኑ ላይ አስቀምጧት ቀስቷ አምልጣት ስታለቅስ። አተሯ አትንቀሳቀስም፣ የሚሰማት ግፊት ብቻ ነው ብሏት ነበር። ዝም ሲሏት ራሷ ልኳን ታስታውሳለች። አትታገያት።

«እጅሽን አንሺ» አለች ጭራሮ።

«እ?»

«እጅሽን አንሺና ጠብቂ።»

ሬዲዮ እጇን አነሳች። ቀስቷ ጥግ ላይ እንደተለጠፈች ናት። ሳቁ እየሳሳ ሄደ፤ ተማሪዎቹ የሚሆነውን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አምስት ሰከንድ። ስድስት። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እጃቸውን አየር ላይ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አድርገው ቆመዋል። የሚሠራ የለም፣ የሚወራ የለም። ጭራሮ ጸጥታ ለምዳለች። ሬዲዮ ግን በሕይወቷ ይህን ያህል ዝም ብላ አታውቅም።

«ወንድሜ ነው» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ። «ሕፃኑ። ገመድ ላመጣ ተነሳሁ፤ ስመለስ ነቅሎ እያኘካት ነው። ከአፉ አወጣኋት። ግን ተቆርጣለች።»

ጭራሮ ቀስቷን አየች። ቆማለች።

እጇን ሰደደችና በሌባ ጣቷ አተሯን ወደ ግራ ገፋቻት። ቀስቷ ከጥግ ተላቅቃ፣ ቀጥ ብላ፣ ወደ መሐል መጣች።

«የምትንቀሳቀስ ይመስለናል እንጂ አትንቀሳቀስም» አለች ጭራሮ ለክፍሉ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ይሰማ ነበር። «ግፊት ብቻ ነው የሚሰማት። ሲዛባባት ደግሞ የሚገፋት ሰው እጁን ማንሳት አለበት። ጨርሰናል።»

*

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ የእርሳስ ቦርሳዋን ከፈተችና የታጠፈ ሶፍት አወጣች። ቅዳሜ የታጠፈ ነው፤ አራቱም ማዕዘኑ ጠቁሯል። ጭራሮ ገለጠችው። ከአተሯ ግማሿ ነበረች። ጣቷን አሳረፈችባት። ጎድጓዳዋ አለች። አጠገቧ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ስርጉዶች።

«ሁለት ጥርስ ነው ያለው» አለች ሬዲዮ እንባዋን እየጠረገች። «በሁለት ጥርስ እንዲህ ያደርጋታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

ሊያስቃት ነበር። ሳቁ እስከ ጉሮሮዋ መጣና እዚያ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ከሆዷ የተነሳ፣ የሚያቃጥል ነገር። ጆሮዋ ጋለ።

«ለምን አልነገርሽኝም!» ብላ ጮኸች ጭራሮ።

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። ጭራሮ ስትጮህ የሰማ ሰው አልነበረም፤ እሷም ራሷ አልሰማችም ነበር።

«አራት ቀን! ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ፣ ስለ ውሻ ታወሪኛለሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ‹ያው ናት› ትይኛለሽ? ያው አይደለችም! ያቺ የሱ ናት! ሌላ የለኝም እኮ!» እንባዋ ይወርድ ነበር። መቼ እንደጀመረ አላየችውም።

«ፈርቼ ነው።»

«ምን አደርግሻለሁ? እኔ ምን አድርጌሽ አውቃለሁ?»

«ምንም!» አለች ሬዲዮ። «እሱን ነው የፈራሁት። ምንም እንዳትይኝ። ያን ቀን እንደሆንሽው፣ ስናቅፍሽ እንደ እንጨት ቆመሽ ‹እሺ› እንዳልሽው። ብነግርሽ ‹እሺ› ትያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ አላገኝሽም ብዬ ነው።»

ጭራሮ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። ሰኞ ጠዋት ያለችው እሱኑ ነበር። እሺ።

የክፍሉ በር ተከፈተና አስተማሪው ብቅ አለ። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» አለ። ሁለቱን አየ፣ ሶፍቱን አየ፣ ድምጹን ዝቅ አደረገ። ወደ ጭራሮ ዞሮ፣ «ጠዋት ‹የምነግርህ አለኝ› ብለሽኝ አልነበር?» አለ።

መስኮቱ ሥር ያለው ባዶ ወንበር በበሩ ክፍተት ይታያል።

«ቀርቷል፣ ቲቸር» አለች ጭራሮ።

አስተማሪው ትንሽ አመነታና በሩን መለሰው። ሬዲዮ አፍንጫዋን ሳበች።

«ተጣላን?» አለች።

«አዎ። ተጣልተናል።» ስትለው ደረቷ ውስጥ ቦታ የተለቀቀ መሰላት።

«እስከ መቼ?»

ጭራሮ አሰበች። ንዴቱ አሁንም አለ፤ ሙሉ ነው፣ ቶሎ የሚያልቅም አይደለም። «እስከ ሰኞ» አለች።

«እስከ ሰኞ?» ሬዲዮ በጣቷ ቆጠረች። «ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ... ኧረ እሞታለሁ!»

«ዝም በይ። ተጣልተናል አልኩሽ።»

ባለ ኳሱን ላፕቶፕ ለአክስቷ መመለስ ነበረባቸው። ለአንድ ሰው ሁለቱ ላፕቶፖች አንድ ላይ ይከብዳሉ። ጭራሮ የአባቷን ይዛ ከፊት ወጣች፤ ሬዲዮ ጡብ የሚያክለውን አቅፋ ሦስት እርምጃ ርቃ ተከተለች፣ አፏን ገጥማ፣ ጉንጯን ነፍታ። ግማሿ አተር ጭራሮ ኪስ ውስጥ ነበረች። አዲሷን ልታወልቃት አላሰበችም። ላፕቶፑ መሠራት አለበት፤ የድመት ምላስም ቢሆን ሲገፉት ይለሰልሳል።

ዋናው መንገድ ጋ ስትደርስ መኪና ይበዛ ነበር። ሳትዞር ቆማ ሬዲዮን ጠበቀቻት።